የራታ ክሪክ የመጨረሻ ከሰል

ክሌም ፔንጌሊን ከነሙሉ ጥርሱ የሚያስታውስ ሰው በዚህች የከሰል ከተማ፣ በራታ ክሪክ፣ ከእኔና ከአንድ ሁለት ሰው በቀር አልቀረም። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ይህን በሰው ፊት ባነሳሁ ቁጥር ግን፣ «ቬርና፣ ያንቺ ዕድሜ የመንግሥት ምስጢር ነው ብዬሽ አልነበረም?» እያለ ያሾፍብኛል። ቤታችን ጎን ለጎን ነው። የሱ ኩሽና መስኮትና የእኔ ኩሽና መስኮት ስለሚተያዩ፣ እሱ ዕንቁላል ሲጠብስ ከእኔ ቤት ሆኜ ዘይት አበዛህ ልለው እችላለሁ። ብዬውም አውቃለሁ።

ዛሬ የከተማችን ልጆች የድንጋይ ከሰል ምን እንደሚሸት እንኳ አያውቁም። እኛ ግን በሱ ነው ያደግነው። አባቶቻችን፣ ኋላም ባሎቻችን፣ ከከሰል ማውጫው ጉድጓድ ከደመወዛቸው ሌላ የቤት ከሰል ይሰጣቸው ነበር። የጭነት መኪናው ይመጣና በየደጃፉ ዘርግፎት ይሄዳል። ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ሁሉ ቦርሳውን ወርውሮ አካፋ ያነሳል። የትኛዋ ሴት ክምሯን ሳይመሽ እንዳስገባች፣ የትኛዋ ደግሞ እስከ እሁድ ደጃፏ ላይ እንደተወችው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስም የሚወጣውም የሚጠፋውም በዚያ ነበር። የእናቴ ክምር አንድም ቀን ዝናብ ነክቶት አያውቅም፤ ይሄን ዛሬም በኩራት ነው የምናገረው።

ምድጃችን በጋ ከክረምት አይጠፋም። ዳቦው በሱ፣ የመታጠቢያው ውሃ በሱ፣ የሕፃን ጨርቅ ማድረቂያው እሱ። ከኩሽና ወጥተህ ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ ግን ትንፋሽህ እንደ ጭስ ይታያል። ቤት ማለት አንድ ሙቅ ክፍል ነው፣ የቀረው ሁሉ ደጅ ነው ብለን ነበር የምናስበው። የተለየ ኑሮ ይኖራል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ሁላችንም ማታ ማታ እዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ እንታጨቅና እግራችንን ወደ ምድጃው ዘርግተን ስንተማማ እናመሻለን። ኧረ ደስ ይል ነበር። አሁን ማን ከማን ጋር ይታጨቃል?

ክሌም ጉድጓድ የወረደው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። እጁ ጎበዝ ነበር ይሉታል አብረውት የሠሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የራግቢ ሊግ ኳስ ይጫወታል፣ ሲያሸንፉ ይዘፍናል። ሲዘፍን እንዲሸነፉ ነበር የምንጸልየው። ያገባት ኖሊንን ነው። ኖሊን የስልክ ማዕከሉ ላይ ስለምትሠራ የከተማውን ወሬ በሙሉ በጆሮዋ ትሰማለች፤ አንዱንም ግን አውርታ አታውቅም። እኔ ብሆን ፈንድቼ ነበር የምሞተው። የልብ ጓደኛዬ ነበረች። አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ግሌኒስ ትባላለች። አሁን ትልቁ ከተማ ክራይስትቸርች ትኖራለች፣ እሷም ልጆች አሏት።

ጉድጓዱ ሲዘጋ ለያንዳንዱ ሰው አንዳንድ የመጨረሻ ጭነት ተሰጠው። እኛ ሌሎቻችን ያንኑ ክረምት አንድደን ጨረስነው። ክሌም ግን ሊያነደው አልፈቀደም። ቤቶቻችን በአጫጭር የእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ከወለሉ ስር ሰው በሆዱ የሚሳብበት ባዶ ቦታ አለ። ከሰሉን እዚያ ነው ያስገባው። እሱ ከውስጥ ተጋድሞ ይደረድራል፣ ኖሊን ከውጭ ታቀብለዋለች፤ ትልልቁን ደግሞ አቧራውን በሽርጧ እየጠረገች ነው የምትሰጠው። እኔ አጥር ላይ ተደግፌ ሳያቸው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ኖሊን፣ ከሰሉን ልታነጂው ነው ወይስ ልትድሪው?» አልኳት።

«ለክፉ ቀን ነው» አለችኝ እየሳቀች።

ክሌም ከጨለማው ውስጥ፣ «ይሄ የኛ ነው። ከእንግዲህ የሚመጣው ከሰል የሰው ነው» ብሎ ጮኸ።

ዙሪያውን እስከ ጥግ ድረስ አጠጋግተው ነበር የደረደሩት። በጎን በኩል ነፋስ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ በከሰል ተደፈኑ። ኖሊን ያን ዕለት ማታ ሻይ ስንጠጣ፣ «ነፋሱም ቀረልን እኮ፣ እግሬን እንዳለፈው ዓመት አልበረደኝም» ስትል ትዝ ይለኛል። ክሌም ደግሞ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ጢሙን ይጠርጋል። ደግሞስ ማን ክፉ ያስባል? በከተማው ውስጥ እንደሱ ያለ ሀብት ያለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ አንድ ዓይነት ወሬ ነው። ኖሊን፣ «ዘንድሮ እንኳ ትንሽ እናንድድለት» ትለዋለች። እሱ፣ «የባሰ ቢመጣስ?» ይላታል። እሷም ትስቅና ትተወዋለች። የሚያነዱት ከሌላ አገር የመጣ፣ ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል ከሰል ነበር። አንዳንዴም ከባህር ዳር የለቀሙት እርጥብ ግንድ። እኔማ ውሃ ላይ ተቀምጣችሁ ተጠማችሁ እያልኩ ስቀልድባቸው ነው የኖርኩት።

ኖሊን ማሳል የጀመረችው ከጥቂት ክረምት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። ከዚያ ጉንፋኑ ከክረምት እስከ ክረምት መቆየት ጀመረ። ቤታቸው ስትገባ የድሮ ምድር ቤት ይሸታል፤ ጨው ማስቀመጫው ውስጥ ረጥቦ ይጋገራል፣ ዛሬ የገዛኸው ዳቦ ነገ የሻጋታ ጢም ያወጣል፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዕዘን ማዕዘኑ ጠቁሯል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለ ቀሚስ እንኳ እርጥብ ነው። ኖሊን በመጥረጊያ ትፈገፍገዋለች፣ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ነሐሴ ላይ ሳንባዋ እምቢ አለና አረፈች። እኔ እጇን ይዤ ነበር። ስለሷ ካወራሁ ነገሩ አያልቅም፣ እዚህ ላይ ልተወው።

ክሌም ብቻውን ቀረ። የጉድጓዱ አቧራ ለሱም ሳንባ አልራራም ነበር። መኝታ ቤቱን ዘግቶ ኩሽና ውስጥ ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። የከሰል ባልዲውን ከጓሮ ሲያመጣ መሃል መንገድ ላይ ያስቀምጥና የልብስ ማስጫውን ምሰሶ ተደግፎ ይተነፍሳል። እኔ በመስኮት እያየሁት ሮጬ ሄጄ ልቀበለው እነሳና እንደገና እቀመጣለሁ፤ ብሄድ ይሰድበኛል።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ግሌኒስ መጣች። እዚህ ፋሲካ ብርዱ ጥርሱን የሚያሳይበት ጊዜ ነው። ሙሉውን ቀን ካፖርቷን ሳታወልቅ ቤቱን ስትዞር ዋለች፣ ግድግዳውን በጣቷ ትነካና ጣቷን ታያለች። ማታ ምግብ ላይ፣ እኔም ባለሁበት፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እናቴን ይሄ ቤት ሲውጣት አይቻለሁ። አንተን አላይም። ሰኔ ላይ እመጣለሁ። ያኔም እንዲህ ከሆነ ይዤህ ነው የምሄደው።»

«ሽማግሌ ማጎሪያ ልታስገቢኝ ነው?»

«ሙቅ ክፍል ላስገባህ ነው» አለችው። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ክሌም ወንበሩን ወደ ምድጃው አስጠጋ። «እዚያ ሄጄ ምን ልሁን ቬርና?» አለኝ። «እዚህ መንገድ ላይ ስወጣ ሰው ሁሉ ክሌም ይለኛል። እዚያ ማን ይለኛል? የኖሊንን መቃብርስ ማን ያጸዳልኛል?» ክሌም እንዲህ ሲለማመጥ ሰምቼው አላውቅም። በዚያች ሰዓት ነው ይሄ ሰውዬ የትም አይሄድም ብዬ በልቤ የቆረጥኩት።

መንግሥት የራሳቸው ቤት ላላቸው ጡረተኞች ጣሪያቸውንና ወለላቸውን ሙቀት መያዣ እንደሚያለብስ፣ ማሞቂያም እንደሚሰቅል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። አብዛኛውን ወጪ እሱ ይችላል፣ ቀሪውን ደግሞ የአካባቢው የእርዳታ ማኅበር ይሸፍናል። ለክሌም ስነግረው ፊቱን አዞረ።

«እኔ ለማኝ አይደለሁም።»

«አንተ ድርቅ ያልክ ግትር ነህ። ዕድሜህን ሙሉ ግብር ስትከፍል ለማኙ መንግሥት አልነበረም?»

«የክረምት የመብራት ድጎማ ይሰጡኛል፣ ይበቃኛል።»

«እሱንማ ለግሌኒስ ልጆች ልደት እንደምታውለው አውቃለሁ። መብራቱማ ሻማ እስኪመስል ነው የምትቆጥበው።»

ስልኩን አንስቼ ለመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ጠብቂ ብለው ሙዚቃቸውን ሲያሰሙኝ ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እንደገና አፈላሁ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። በስንት መከራ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳችና የቤቱን ዕድሜ ጠየቀችኝ። ወደ ክሌም ዞሬ ስጠይቀው፣ «ከእኔ ይበልጣል፣ ካንቺ ያንሳል በያት» አለኝ። ልጅቷ ሰምታ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ቀጠሮው እስኪያዝ ድረስ ስልኩን ጨብጬ ያዝኩት።

የላኩት ሰው ታማቲ ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ ሱሪው ጉልበት ላይ የመንበርከኪያ ትራስ የታሰረበት፣ ከግሬይማውዝ ከተማ የመጣ ማኦሪ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ወገን ነው። በር ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ። ክሌምን «ማቱዋ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እነሱ ለአባት እኩያ የሚሰጡት ክብር ነው። እኔን አክስቴ አለኝ። ክሌም ክብሩ ደስ እንዳለው ላለማሳየት ፊቱን አኮሳተረ፣ እኔ ግን አላመለጠኝም።

ታማቲ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያው ውስጥ ራሱን አስገባ። ሲወርድ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ነበር። «ማቱዋ፣ እስከ ዛሬ ሲያሞቁ የኖሩት ሰማዩን ነው» አለ። ክሌም እንኳ ፈገግ አለ። ነገሩ ሁሉ መልካም እየሄደ ነበር።

ከዚያ ከቤቱ ጎን ያለችውን ትንሽ የወለል ስር በር ሊከፍት ሄደ።

«እዚያ አትገባም፣ ሞልቷል» አለ ክሌም።

«ምን ሞልቶት ነው?»

«ክፈትና እየው።»

ታማቲ ከፈተና ባትሪውን አበራ። ከሰሉ ያን ያህል ዓመት ቆይቶ እንኳ ያብረቀርቃል። ክሌም ከኋላው ቆሞ፣ «የራታ ክሪክ ነው፣ የመጨረሻው። በአገሩ ላይ ሌላ የለም» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ታማቲ በደረቱ ተኝቶ ክንዱን በከሰሉ ሥር ወደ ውስጥ ሰደደና መሬቱን ነካ። እጁን ሲያወጣው ጭቃው እስከ ክንዱ ደርሷል፣ ውሃ ይንጠባጠብበታል።

«መሬት ይተነፍሳል ማቱዋ» አለ ተነስቶ እየተቀመጠ። «እርጥበቱ በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ከነፋሱ ጋር መውጣት ነበረበት። መውጫው ተደፍኗል። ስለዚህ በወለሉ በኩል ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው፣ አልጋው ላይ ያለውም እሱ ነው። ይሄ ከሰል ካልወጣ መሬቱን በላስቲክ መሸፈን አልችልም። ወለሉ ካልተሠራ ደግሞ ማሞቂያውን አይፈቅዱልንም።»

ክሌም ከሰሉን ያያል። በጣም በቀስታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከሰሉ ከገባ ጀምሮ ነዋ።»

ያ ደግ ሰው ምን ያውቃል? ክሌም ዞሮ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።

«ምን አጠፋሁ አክስቴ?» አለኝ ታማቲ።

«ምንም አላጠፋህም። ሚስቱ በሳንባ ነው የሞተችው፣ እዚሁ ቤት።»

ታማቲ ጭቃማ እጁን እያየ ቆመ። እሱም ልጆች ያሉት ሰው ነው። «ከሰሉ ከወጣ ይደውሉልኝ፣ ሌላ ሥራ ትቼም ቢሆን እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ክሌም ደጅ አልወጣም። መጋረጃው እንደተዘጋ ይውላል፣ እንደተዘጋ ያድራል። አላስችል ሲለኝ የወንዛችንን ትንንሽ ዓሦች በዕንቁላል ጠብሼ ሳህኑን ይዤ ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ምድጃው ጠፍቷል። እሱ ካፖርቱን ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ግቢ አላልኩሽም።»

«አንተ ግቢ ብለኸኝ የገባሁበት ቀን አለ?»

ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። አልነካውም።

«ትልልቁን የደረደርኩት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከአልጋዋ ስር» አለኝ። «ልክ ከራስጌዋ ስር። እዚያ መሬቱ ዝቅ ስለሚል ትልቅ ትልቁ ይይዘዋል ብዬ። በሽርጧ እየጠረገች ሰጠችኝ፣ እኔ ከስሯ ደረደርኩት። እኔ ነኝ የገደልኳት ቬርና።»

እኔ ስደነግጥ የሚቀድመኝ ቁጣ ነው። «ስማኝ» አልኩት። «ኖሊን ከልጅነቷ ጀምሮ የጠጣችው ጭስ ነው። እናቷም እንዲሁ እያሳለች ነው የሞተችው። ከሰሉ ይሁን፣ ጭሱ ይሁን፣ ብርዱ ይሁን እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም።»

«ታማቲ ያውቃል።»

«ታማቲ የሚያውቀው ስለ ጭቃ ነው፣ ስለ ኖሊን አይደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ግሌኒስ ትምጣና ትውሰደኝ። ይሄ ቤት ለእኔ አይገባኝም። መንግሥትም ገንዘቡን አያባክን።»

ያኔ ሆድ ባሰኝ። እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሴት አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን አለቀስኩ። «ባሌን ቀበርኩ፣ ኖሊንን ቀበርኩ» አልኩት። «አሁን ደግሞ አንተን በመኪና ሸኝቼ፣ ያንን ጨለማ መስኮት እያየሁ ዕቃ ልጠብ? እኔስ ምን በደልኩ?»

ክሌም ሹካውን አነሳና አንድ ጊዜ ጎረሰ። «ዘይት አብዝተሻል» አለ። የመሄድ ሐሳቡን ግን አልተወም፣ ከፊቱ አውቄዋለሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበር ቀጥ ብዬ ወደ ኳስ ሜዳው ሄድኩ። ዕረፍት ሲሆን አጥሩ ላይ ቆሜ፣ «የራታ ክሪክ ከሰል የናፈቀው ሰው ነገ ጆንያ ይዞ ክሌም ቤት ይምጣ» ብዬ ጮህኩ። ሰዎቹ መጀመሪያ የማሾፍ መሰላቸው። ክሌምን አስፈቅጄ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ቢጠይቀኝም ውሸቴን አስፈቅጄዋለሁ እለው ነበር።

እሁድ ዝናቡ ጋብ ብሎ ዋለ። መጡ። ምድጃቸውን ያልጣሉ አሮጊቶች መጡ፣ አባቶቻቸው ጉድጓድ ውስጥ የሠሩ ጎልማሶች ሚስቶቻቸውን ይዘው መጡ። ኤርኒም መጣ፤ ከክሌም ጋር ጉድጓድ አብሮ የወረደ፣ አሁን በአፍንጫው ቱቦ ሰክቶ፣ በስተኋላው የኦክስጅን ጋሪ የሚጎትት ሰው ነው። ጠንካሮቹ በሆዳቸው ገቡና ከሰሉን ወደ ውጭ ማቀበል ጀመሩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ተዘረጋ።

ክሌም በቤት ጫማው ወጣ። «ማነው የፈቀደላችሁ?» አለ። ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን እንደያዘ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ደመናው አየሁ።

ኤርኒ ብቻ አልቆመም። አንዱን ከሰል ወደ ፊቱ አቅርቦ ገለበጠው፣ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። «ይሄ ከታችኛው ዋሻ ነው። ውሃው አንገታችን ላይ ከሚንጠባጠብበት» አለ።

ክሌም ሳይወድ ቀረበ። ወሰደና አየው። «የታችኛው እንዲህ ይሰነጠቃል? ከላይኛው ነው እንጂ። አንተ ያን ጊዜም አታይም ነበር።»

«ከላይኛው የመጣው ቡናማ ነገር አለው።»

«ቡናማውስ ይሄ አይደለም?»

እንዲያ ሲነታረኩ አንዱ ባልዲ ገልብጦ ከክሌም ኋላ አስቀመጠለት፣ ክሌምም ሳያስተውለው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ከሰል በሱ እጅ ነው ያለፈችው። ይቺ ጣሪያው ሊወድቅብን ካለበት ቦታ ናት ይላል። ይቺን ያወጣናት ልጄ የተወለደች ሳምንት ነው ይላል። ውሸቱን ይሁን እውነቱን ማን ያጣራል፣ ብቻ ሰው ሁሉ ከሰሉን ሲቀበል አራስ ልጅ የሚቀበል ይመስል ነበር። ኤርኒ በዚያ ትንፋሹ እየሳቀ ያስላል፣ እያሳለ ይስቃል። ዓይኔ እያየ ሁለቱም ወጣቶች ሆኑ። ለካ ናፍቀውኛል፤ እነዚያ ጥርሳቸው ብቻ ነጭ ሆኖ ከጉድጓድ የሚወጡት ልጆች ክፉኛ ናፍቀውኛል።

ከኖሊን አልጋ ስር የነበሩት ሲመጡ ወሬው ቆመ። ክሌም እነሱን ለማንም አላሳለፈም። አንድ አንድ እያደረገ ራሱ ተነስቶ እያለከለከ ወደ ጆንያ ከተታቸው። «ሁሉንም ውሰዱት» አለ። «አንድዱት። እኔ ዘንድ አንድም እንዳይቀር።»

ያን ዕለት ምሽት ላይ በከተማው ያሉት ምድጃዎች ሁሉ ተለኮሱ። ያ ሽታ፣ ያ የልጅነታችን ሽታ፣ ተራራው ሥር ተዘርግቶ ቆየ። ደጄ ላይ ሻሌን ለብሼ ወጣሁ። እናቴ ከውስጥ የምትጠራኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ምሽት ሁለተኛ እንደማይመጣ አውቅ ስለነበር ቆሜ ሽታውን ጠጣሁት።

ታማቲ ቃሉን ጠብቆ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። መሬቱን በላስቲክ ሸፈኑት፣ ቀዳዳዎቹን ከፈቱ፣ ወለሉን ከስሩ ጣሪያውን ከላዩ አለበሱት፣ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ነጭ ማሞቂያ ሰቀሉ። ሲሄድ ክሌም እጁን ይዞ ብዙ ጊዜ ሳይለቀው ቆየ። ከሳምንታት በኋላ ግድግዳው መድረቅ ጀመረ። ዳቦው ዳቦ ሆኖ ይውላል። ክሌም ግን ሻንጣውን አዘጋጅቶ በሩ አጠገብ አስቀምጧል። እኔም ሻንጣውን እያየሁ እንዳላየ አልፋለሁ፤ ስለሱ ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሰኔ ላይ ግሌኒስ በዶፍ ዝናብ መጣች። እኔ በአጋጣሚ እዚያ ነበርኩ፣ ማለት መኪናዋን ከመስኮት አይቼ ቀድሜያት ነው የደረስኩት። ገብታ መሃል ኩሽና ላይ ቆመች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሄዳ የመኝታ ቤቱን በር ከፍታ ገባችና እዚያ ቆየች፣ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ እንዴት ሆነ?»

«መንግሥት ሠራው፣ ቬርና ነዘነዘችኝ» አለ።

«ታዲያ ሻንጣው ምንድን ነው?»

«ውሰጂኝ። እዚህ መኖር አይገባኝም።»

ከዚያ ነገራት። ከሰሉን፣ ቀዳዳዎቹን፣ ጭቃውን፣ የአልጋዋን ራስጌ። አንዱንም አልደበቃትም፣ አንዱንም አላሳመረላትም። ሲጨርስ የሚሰማው ማሞቂያው የሚያወጣው ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነበር።

ግሌኒስ ቀስ ብላ ካፖርቷን አወለቀች። በክረምት በዚያ ቤት ውስጥ ካፖርቷን ስታወልቅ አይቻት አላውቅም። ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ተናድጄብሃለሁ አባዬ» አለችው። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። «በጣም ነው የተናደድኩብህ። ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

«ይገባሻል። ውሰጂኝና ተናደጂብኝ።»

«አልወስድህም። እዚሁ ነው የምናደድብህ። እየመጣሁ፣ ልጆቹንም እያመጣሁ፣ እዚህ ሙቁ ቤት ተቀምጬ እናደድብሃለሁ። ካንተ ጋር ገና አልጨረስኩም።»

ተነስታ ሻንጣውን አነሳችና መኝታ ቤት ገባች። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ሰማን። ክሌም ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር። ድንገት ቀና አለና ወደ ክፍሉ ተጣራ።

«በግራ በኩል ያለው የእናትሽ ነው። እንዳትነኪው።»

ግሌኒስ ከወዲያ፣ «አውቃለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አባዬ፣ የእማዬ ቀሚሶች ደርቀዋል» አለችው።